ብሳናዋ ላይ ያሉት ጎረቤቶች፦ የፍኖተ ሰላም ሰሞን ማስታወሻ

ነሐሴ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ዓርብ

ከአዲስ አበባ ሳይነጋ ወጣን። ጎሐ ጽዮን ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሹፌሩ መብራት አብርቶ እየዳኸ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ። ታች ድልድዩ ጋ ሙቀቱ ጃኬት አስወለቀን። ደጀን ስንወጣ መልሰን ለበስን። ይህን መንገድ ስንቴ ተመላልሼበታለሁ፤ ያ ቁልቁለትና አቀበት ግን አንድም ቀን ተራ ሆኖብኝ አያውቅም።

ደብረ ማርቆስ ሽሮ በላን። አማኑኤልን አለፍ እንዳልን ጎማ ተነፈሰ። ተሳፋሪው ሲያጉረመርም እኔ ዳር ቆሜ የመብራት ሽቦ ላይ የተደረደሩትን ወፎች እቆጥር ነበር። ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ከዚያ ፍኖተ ሰላም። ሲመሽ ባጃጅ ይዤ አጎቴ ቤት ገባሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ፒስታው መንገድ ዳር ነው። አክስቴ እሸት በቆሎ ጠብሳ ጠበቀችኝ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ሲወርድ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ነሐሴ 25፣ ቅዳሜ

ጠዋት ባይኖኩላሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ክረምት ላይ ጎጃም የመጣሁት ለዚሁ ነው። ዝናብ ሲኖር ነፍሳት ይበዛሉ፤ ነፍሳት ሲበዙ ብዙ ወፎች ይወልዳሉ።

ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። ከአጎቴ አጥር መቶ እርምጃ ያህል ስሄድ መንገዱን በሥሩ የሚያቋርጥ የውሃ ቱቦ አለ። ቱቦው አፍ ላይ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብላ አንዲት ብሳና በቅላለች። ከቅርንጫፎቿ መሃል ረጅም ቀይ ቡናማ ነገር ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ከሰው ፀጉር የወደቀ ሪባን መሰለኝ። መነጽሩን ሳነሳ ሪባኑ ጭራ ሆነ። ጭራው ደግሞ ጎጆ ውስጥ የተቀመጠ ወፍ ነበረው።

ወንዱ ነው። ራሱ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። ዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት አለ። ጀርባው እንደ ሸክላ ቀይ ነው፤ ጭራው ከገላው ይበልጣል። የወፍ መጻሕፍት አፍሪካን ፓራዳይዝ ፍላይካቸር ይሉታል። ለእኔ ግን ከስሙ ይልቅ የገረመኝ አቀማመጡ ነው። ይህን ያህል ያማረ ወንድ በብዙ የወፍ ዘር ዘንድ ልጅ አይታቀፍም። ጌጡ ለታይታ ነው፤ ሥራው የሴቷ ነው። እሱ ግን ጭራውን ውጭ ጥሎ ልጅ ያሞቃል።

ጎጆዋ የቡና ሲኒ ታክላለች። መጠኗ ብቻ ሳይሆን ቅርጿም ሲኒ ነው። በቀጭን ሥርና በሣር ተሠርታ፣ ከውጭ በሸረሪት ድር ተጠፍራለች። ድሩ ላይ ግራጫ የዛፍ ሽበት ተለጥፏል። ከሩቅ የቅርንጫፉ እባጭ ትመስላለች። መንገዱ ከፍ ስለሚል ጠርዙ ላይ ስቆም ጎጆዋ ከዓይኔ ትንሽ ዝቅ ትላለች። ውስጧ ይታየኛል።

ሴቷ መጣች። ጭራዋ አጭር፣ ቀለሟ ደብዘዝ ያለ ነው። ወንዱ ሲነሳ ሦስት አፎች ተከፈቱ። ዓይናቸው አልተገለጠም፤ ላባ የላቸውም። አንገታቸው ራሳቸውን መሸከም አቅቶት ይንቀጠቀጣል። ከተፈለፈሉ ሁለት ቀን ቢሆናቸው ነው።

ነሐሴ 26፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብሳናዋ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ። ከዚያ በላይ መቅረብ አልፈለግሁም።

ከመንገዱ ማዶ የበቆሎ ማሳ አለ። ማሳው መሃል ማማ ተሠርቶ አንድ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ቆሟል። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ጦጣና ወፍ ይጠብቃል። የወንጭፉን ጩኸት በሰማሁ ቁጥር ልቤ ደነገጠ። በመጨረሻ ወረደና መጣ።

«እትዬ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

ጎጆዋን አሳየሁት። ሳቀ።

«እሷማ የኔ ናት። ስትሠራ ጀምሮ አያታለሁ።»

«በወንጭፍ አትመታትም?»

እንደ ሞኝ አየኝ። «ይች እኮ እህል አትበላም። ዝንብ ነው የምትበላ።»

ስሟን ጠየቅሁት። «ወፍ ናት» አለ። ትንሽ አሰበና «እህል የማትበላዋ ወፍ» ብሎ ጨመረ። ከዚያ በጣቱ እየጠቆመ ያሉትን ሁሉ ለየልኝ። ይቺ በቆሎ ትቀዳለች፤ ያቺ ዳጉሳ ሲደርስ ነው የምትመጣው፤ ያች ትል ትለቅማለች፣ አትነካም። እኔ በስንት ዓመት ከመጽሐፍ የለቀምኩትን እሱ ማማ ላይ ቆሞ ተምሮታል።

ነሐሴ 28፣ ማክሰኞ

ትናንት ሙሉ ቀን ዘነበ፤ ብዙም አላየሁ። ዛሬ ጫጩቶቹ ጀርባ ላይ ጥቁር መስመር ወጥቷል። ላባ ሊያወጡ ነው።

ረፋዱ ላይ አንድ የሰፈሩ ሰው መጥረቢያ ትከሻው ላይ አድርጎ መጣ። ከብት እያፈረሰ ያስቸገረውን አጥር ሊያጥር እንጨት ይፈልጋል። ቀጥታ ወደ ብሳናዋ ወረደ። እኔ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ልጁ ከማማው ላይ ጮኸ።

«አያ! ያችን ተዋት! ልጆች አሏት!»

«የማን ልጆች?»

«የወፍ!»

ሰውዬው ቀና አለ። ሴቷ ቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ሆና በሻካራ ድምፅ ትጮህበታለች፤ ክንፏ ይርገበገባል። አሥራ አምስት ግራም እንኳ የማትሞላ ወፍ መጥረቢያ የያዘ ሰው ላይ ትመጣለች። ሰውዬው ጎጆዋን ፈልጎ እስኪያገኛት ጊዜ ወሰደበት። ሲያገኛት ፊቱ ተለወጠ።

«ኧረ እንዴት ታንሳለች እናንተ!» አለ። «በክረምት ማን ቤት ያፈርሳል።»

መጥረቢያውን መልሶ ትከሻው ላይ ጣለና ወደ ባሕር ዛፉ ሄደ። አመሰግናለሁ ልለው ፈለግሁ፤ የሚመሰገንበት ነገር የሠራ አልመሰለውም፤ ዞርም አላለ።

ነሐሴ 29፣ ረቡዕ

ዛሬ ቆጠርኩ። ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ አባትና እናት ተራ በተራ 19 ጊዜ ምግብ አመጡ። 11 ጊዜ እናት፣ 8 ጊዜ አባት። ዝንብ፣ ትንንሽ የእሳት ራት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ክንፏ ከመንቆሩ ግራና ቀኝ የተረፈ ነጭ ቢራቢሮ። ብዙውን ጊዜ አየር ላይ ነው የሚያድኑት። ከቅርንጫፍ ይወረወራሉ፣ መንቆር ቀጭ ይላል፣ ይመለሳሉ። ወንዱ ሲታጠፍ ጭራው ዘግይቶ ይከተለዋል።

አንድ ነገር ከቅርብ አየሁ። እናትየዋ አጉርሳ አልሄደችም። ጠርዙ ላይ ቆማ ጠበቀች። ጫጩቱ ዞረና ቂጡን ወደ ላይ አነሳ። ነጭ፣ በስስ ሽፋን የታሰረች ጠብታ ወጣች። እናትየዋ ሳትፈነዳ በመንቆሯ ተቀብላ ይዛት በረረች። ማዶ ሄዳ ጣለችው። ጎጆው የማይሸተው፣ እባብና ድመትም ሽታውን ተከትለው የማያገኙት ለዚህ ነው። የእህቴን ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝና ይህን ሳይ እናትየዋን ሄጄ ላቅፋት ምንም አልቀረኝ።

በዚህ መሃል መንገዱ ሥራውን ይሠራል። አይሱዙ በጥሩምባ እየጮኸ ያልፋል። ባጃጅ ጭቃ ይረጫል። ገበያተኛ ሴቶች ጀርባቸው ላይ ቅርጫት አዝለው፣ እያወጉ ያልፋሉ። አህዮች ቱቦው ጋ ቆመው ውሃ ይጠጣሉ። አንድም ሰው ወደ ብሳናዋ ቀና አይልም። ወፎቹም ለመኪናው ደንታ የላቸውም። ሰው ሲቆም ነው የሚደነግጡት።

ነሐሴ 30፣ ሐሙስ

አጎቴ ላህ ወንዝ ድረስ ይዞኝ ሄደ። ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል። ዳሩ ላይ ያለ ዛፍ ከላይ እስከ ታች በሸማኔ ወፍ ጎጆ ተሞልቷል። ጫጫታው ገበያ ነው።

እዚህ ወንዱ ነው ሸማኔው። አረንጓዴ የሣር ቅጠል ሰንጥቆ መጀመሪያ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ ላይ ቆሞ እግሩን ሳያነሳ መንቆሩ የሚደርስበትን ሁሉ ይሸምናል። ሲጨርስ ከታች ተንጠልጥሎ ክንፉን እያራገበ ሴት ይጠራል። ሴቷ ገብታ ትመረምራለች። ካልወደደችው ትሄዳለች። ሣሩ ደርቆ ቡናማ ሲሆን ደግሞ የሚቀበለው ስለማይኖር ራሱ አፍርሶ አዲስ ይጀምራል። የፈረሱት ጎጆዎች ከዛፉ ሥር ተዘርግፈው ይታያሉ። አጎቴ አንዱን አንስቶ ገለባበጠው። ሊፈታው ሞከረ፤ ቋጠሮው እምቢ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ገመድ የገመደ፣ ጎተራ የሠራ ሰው ነው። «ያለ እጅ!» አለ። ሁለቴ ደገመው። «ያለ እጅ!»

ጎጆዎቹ ወደ ውሃው ያዘነበሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እባብ ከላይ ቢመጣ ቀጭኑ ቅርንጫፍ አይሸከመውም።

ጳጉሜ 1፣ ዓርብ

ጠዋት ስደርስ ሁለት አፍ ብቻ ተከፈተ።

ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ሦስተኛው ተኝቶ ይሆናል አልኩ። እናት መጣች፣ ሁለት። አባት መጣ፣ ሁለት። ከዛፉ ሥር ፈለግሁ፤ ምንም የለም። ልጁ ከማማው ወርዶ አብሮኝ ፈለገ። ከዚያ በአገጩ ወደ መብራት ሽቦው ጠቆመ። ጥቁርና ነጭ ወፍ ተቀምጣለች፤ መንቆሯ እንደ መንጠቆ ቆልመም ያለ ነው። አንበጣም ትንሽ ወፍም ይዛ እሾህ ላይ ትሰካለች።

«ሌባዋ እሷ ናት» አለ።

እሷ ትሁን አትሁን በዓይኔ አላየሁም። ሌሊት የመጣ ነገርም ሊሆን ይችላል። ሽቦው ላይ ያለችውም የምታበላቸው ልጆች ይኖሯት ይሆናል። ይህን አውቃለሁ። ማወቄ ግን ምንም አላቀለለልኝም። የቀሩት ሁለቱ እኩል ጉርሻ እየደረሳቸው ነው፣ ቦታውም ሰፍቷቸዋል። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሦስተኛውን አፍ ስጠብቅ ዋልኩ። ማታ እራት አልበላ አለኝ። አክስቴ ነገሩን ስትሰማ አልሳቀችብኝም። «አይ ልጀ» አለችና እሳቱን ቆሰቆሰች። እሷም ከወለደቻቸው ሁሉም አልቀሩላትም።

ጳጉሜ 3፣ እሑድ

ሩፋኤል ነው። ዛሬ የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነውና ልጆቹ ከጠዋት ጀምረው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ከሰዓት በኋላ ወረደ። ምን መውረድ ብቻ! የሰፈሩ ልጆች ልብሳቸውን ጥለው እየዘለሉ ወጡ። አክስቴ ባልዲ ደጅ አወጣች።

እኔ ጃንጥላ ይዤ ወደ ብሳናዋ ሮጥኩ። የብሳና ቅጠል ሰፊ ነው፤ ግን ይህን ዝናብ የሚችል አይደለም። እናትየዋ ጎጆዋ ላይ ናት። ተቀምጣ አይደለም፤ ቆማ ክንፏን ግራና ቀኝ ዘርግታለች። ሁለቱ ጫጩቶች ከሥሯ ናቸው። ራሷን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋለች፤ ውሃው ከግንባሯ በጀርባዋ ወርዶ በጭራዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። ቅርንጫፉ ሲወዛወዝ እሷም ትወዛወዛለች፤ ክንፏን ግን አላጠፈችም። ጠብታ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ ጨፈን ገለጥ ታደርጋለች።

ዝናቡ ትንሽ ጋብ ሲል አባትየው መጣ። ረጅሙ ጭራ ርሶ እንደ ክር ቀጥኗል። መንቆሩ ላይ ትንሽ ትል አለ። ለእሷ ሰጣት። እሷ ራሷ አልበላችውም፤ ገላዋን በትንሹ አነሳችና ከሥሯ ላለው አጎረሰች። ከዚያ መልሳ ደፋች።

አርባ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። ጫማዬ ውሃ ሞላ። ከኋላዬ ልጆቹ በጠበሉ ይጨፍራሉ። እኔም ጃንጥላዬን አጠፍኩት።

ወደ ማታ ፀሐይ ወጣች። መሬቱ ሲሞቅ አሸን ፈላ። ሁለቱ ወላጆች ሊመሽ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያለ ፋታ አመላለሱ። ቆጠራውን ተውኩት፤ እጄ አልደርስ አለኝ።

ጳጉሜ 5፣ ማክሰኞ

ጎጆዋ ጠባቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ደረታቸው ከጠርዙ ተርፏል። ላባቸው ቀይ ቡናማ ነው፣ ጭራቸው ገና ጉማጅ።

3 ሰዓት ላይ አባትየው ምግብ ይዞ መጣና ጎጆው ላይ አላረፈም። አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ቅርንጫፉ ላይ ቆመ። ጫጩቶቹ ጮኹ። አልቀረበም። ትልቁ ጠርዙ ላይ ወጣ፣ ክንፉን አራገበ፣ ተመለሰ። እንደገና ወጣ። ከዚያ መብረር ይሁን መውደቅ ባልለየ ነገር ቅርንጫፉን ጨብጦ ተገኘ። አባትየው አጎረሰው። ልጁ ከማማው ላይ እልል አለ! ወንድ ልጅ እልል ሲል ብዙም አልሰማሁም።

ሁለተኛው አልተንቀሳቀሰም። ምሳ ሰዓት ሆነ፣ አልወጣም። እናትየዋ እየመጣች ትጠራዋለች። 8 ሰዓት ላይ አንድ አይሱዙ ሲያልፍ ነፋሱ ቅርንጫፉን ናጠው፣ ጫጩቱም ተወረወረ። ያረፈው መንገዱ ላይ ነው። መሃል መንገድ።

ልጁ ከእኔ ቀደመ። ከማዶ ባጃጅ እየመጣ ነበር፤ ሁለት እጁን ዘርግቶ መንገዱ ላይ ቆመ። ባለ ባጃጁ ፍሬን ያዘና መሳደብ ጀመረ፤ ከዚያ መሬት ላይ ያለውን አየና ዝም አለ። ልጁ ጫጩቱን በመዳፉ አፈሰው። የጫጩቱ እናትና አባት የልጁን ራስ ሊነኩት ትንሽ እስኪቀራቸው ይወርዱበታል። ቀስ ብሎ ብሳናዋ ላይ፣ ወንድምየው አጠገብ አስቀመጠው። የሰው ሽታ ከነካው እናቱ ትተወዋለች የሚባለውን ሰምቼ ስለነበር ፈራሁ፤ እንደዚያ እንዳልሆነ መጽሐፉ ቢለኝም ፈራሁ። አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ ዝንብ ይዛ መጣችለት።

ጳጉሜ 6 እና መስከረም 1

2011 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜ 6 ሆነች። ያቺን የተረፈች ቀን ወፎቹ ከብሳናዋ ወጥተው ቱቦው ማዶ ካለው ዋንዛ ገቡ። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ አይታዩም። ሁለት ቀጫጭን ጩኸት ግን ይሰማል፣ ረጅም ቀይ ጭራም እልፍ ሲል ይታያል።

ቤት ውስጥ ጠላ፣ ዶሮ፣ ሩጫ። አዲስ ዓመት ጠዋት ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባ ይዘው እየዘፈኑ በር በሩን ዞሩ። ልጁም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ሥዕል አመጣልኝ። እንደ ሌሎቹ መልአክና አበባ አይደለም የሣለው። ብሳና ነው፤ ጎጆ አለ፤ ከጎጆው የወጣው ጭራ ወረቀቱ አልበቃው ብሎ ወደ ኋላ ገጽ ዞሯል። ጎጆው ውስጥ ሦስት አፍ ሥሏል።

ከዚያ ማሳው ዳር ሣሩ ላይ ጥቁርና ቢጫ ወፍ አሳየኝ። የመስቀል ወፍ ከሚሏቸው አንዱ ነው። ከመስቀል በኋላ የት እንደሚሄድ ጠየቀኝ። የትም አይሄድም አልኩት፤ ወንዱ ክረምት ላይ ነው ይህን ልብስ የሚለብሰው፤ በበጋ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆኖ እዚሁ ይኖራል። ብዙ አሰበ። «ማለት እኔ በበጋ በወንጭፍ የማባርረው እሱን ነው?» አለኝ።

መስከረም 2፣ ዓርብ

ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ጎጆዋ ባዶዋን ናት። ጠርዟ በጫጩቶቹ እግር ተረጋግጦ ወደ አንድ ጎን ተዘርጥጧል። ወደ አዲስ አበባ ልወስዳት አሰብኩና ተውኩት። የሸረሪት ድሩን ሌላ ወፍ መጥታ ልትጠቀምበት ትችላለች።

ልጁ ባጃጁ እስኪመጣ ከእኔ ጋር ቆመ። ዋንዛው ውስጥ አንድ ቦታ ያንን የሚንከባለል ፉጨት ሰማን። እሱ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘኝ።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አጎቴ ደወለ። ስለ ጤና፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ መስቀል ካወራን በኋላ «ያ የጎረቤት ልጅ ንገርልኝ ብሎ ችክ ብሎብኛል» አለኝ። «ዋንዛው ላይ ሲኒ ጀምረዋል በላት አለኝ። ምን ማለቱ ነው?»